ቬርና የበረዶ ትራክተር የመረጠችበት ነሐሴ

ቬርና ሳርኪላ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ክረምት ነድታለች። እኛ ሰንበሪ ውስጥ ክረምት የምንለው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ነው። በረዶው የፖስታ ሣጥኑን ይውጥና የመስኮቱን ደፍ ያልፋል፤ ጠዋት የጠረግነውን ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ከሰዓት በኋላ መልሶ ይሞላዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት የቬርና አውቶቡስ አንድ ቀን እንኳ ከመንገድ ወጥቶ አያውቅም። እቤቷ ስትገባ ግን የባሏን ትንሽ የጓሮ ትራክተር መንካት አይፈቀድላትም ነበር።

ባሏ ሩዲ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የመዳብ ማዕድን ማውጫው ጉድጓድ ከተዘጋ በኋላ እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ለብልሃት የተፈጠረ ሰው ነው። ትራክተሯን ከሦስት የሞቱ ትራክተሮች አሟልቶ የሠራት እሱ ራሱ ስለሆነ፣ አመሏን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለማቆም ደግሞ ፍሬኑ ስለማይታመን አጥር ይፈለጋል። ቬርና ልሞክራት ባለች ቁጥር ሩዲ ሌላ ጊዜ ይላታል፤ ሌላ ጊዜ እያለ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

እኔ ኢርማ ነኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው ነው የምኖረው። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብስያለሁ፤ ቬርና ልጆቹን ታመጣ ነበር፣ እኔ አበላ ነበር፣ እሷ ትመልስ ነበር። ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ በግንቦት መጨረሻ የሆነውን ማንም አልነገረኝም፤ ዕቃ እያጠብኩ በመስኮቴ በኩል በዓይኔ አየሁት።

ሩዲ ሣር እያጨደ ነበር። ቡና ሊቀዳ ትራክተሯን ሞተሯ እንደተነሳ ዳገቱ ላይ አቁሟት ገባ። ትንሽ ቆየችና ማርሿ ራሱ ወጣ። ሰው ያልተቀመጠባት ትራክተር ሣር እያጨደች፣ ተረጋግታ፣ ቁልቁል ወረደች። መንገዱን ተሻገረች። የእንጆሪ መደቤን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ፀጉር አስተካከለችው። ከዚያ በልብስ ማስጫዬ ሥር ስታልፍ የአልጋ አንሶላዬን መሪዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ነጭ ነጠላ እንዳጣፋ እንግዳ እያውለበለበች ሐይቁ ውስጥ ገባች። ውኃው መቀመጫዋ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች።

እኔ ሮጬ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ስደርስ ሩዲም እያነከሰ፣ የቡና ስኒውን እንደያዘ ደረሰ። አጠገቤ ቆሞ ውኃውን ተመለከተ።

"ሣሩን ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት" አለ።

ማነከሱ የቆየ ነበር። ዳሌው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስቸግረው ከርሞ በሐምሌ አጥንቱን በብረት ቀየሩለት። ሐኪሙ ደህና ሠራለትና አንድ ነገር ከለከለው፤ እስከ መጪው ፀደይ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ የሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ። ሩዲ መኪናስ ብሎ ጠየቀ፤ መኪና ይቻላል ተባለ። ጀልባስ አለ፤ ጀልባም ይቻላል ተባለ። ትራክተርስ ሲል ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ቬርናን ተመለከታት።

ቬርና ውሳኔዋን ያሳወቀችው የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው ወጥተን፣ ፎጣ ተጠቅልለን በረንዳቸው ላይ ነፋስ ስንቀበል ነው። አዲሱን ትራክተር የምትመርጠውም የምትነዳውም እሷ መሆኗን ተናገረች። አንድ ዕቃ ሆኖ በጋ ሣር የሚያጭድ፣ ክረምት በረዶ የሚጠርግ፣ ከታዘዘበት ቦታ ውጭ ብቻውን የማይሄድ እንዲሆን ትፈልጋለች። አስተያየት የሰጠው ሩዲ ሳይሆን አብሮን የተቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ሬይኖ ነው።

ሬይኖ በአውራጃው መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ በረዶን በሚመለከት ከሱ በላይ የሚያውቅ ሊኖር እንደሚችል አስቦ አያውቅም። ለጓሮ ትራክተር ከፊቱ ሁለት ዓይነት ነገር ይገጠማል፤ ወይ በረዶውን የሚገፋ ሰፊ ብረት፣ ወይ በረዶውን በልቶ በአንገቱ በኩል ሩቅ የሚተፋ ማሽን። የመጀመሪያውን መግፊያ፣ ሁለተኛውን መትፊያ እንላቸዋለን።

"መግፊያ ነው የሚያስፈልግሽ" አላት። "መትፊያ በረዶ አይተው የማያውቁ ሰዎች ዕቃ ነው።"

"አንተ ስትገፋ የኖርከው የመንግሥት መንገድ ነው" አለችው ቬርና። "ከመንገዱ ትገፋና ሰው ደጃፍ ላይ ትተወዋለህ። እኔ ደጃፌ ላይ ያለውን ወዴት ልግፋው?"

"ወደ ዳር።"

"ዳሩ ሲሞላስ?"

"ወደ ኢርማ።"

እኔ ፎጣዬን ሰብስቤ ድምፄን ልሰጥ ስል ሩዲ ጣልቃ ገብቶ የቤታቸው መግቢያ ከዋናው መንገድ እስከ ጋራዡ መቶ አርባ እርምጃ እንደሆነና በርች የሚባለው ግንደ ነጭ ዛፍ ጋ እንደሚታጠፍ አስታወሰን። ይህን የተናገረው ሰርግ ላይ ስለ ሟች እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ሰኞ ዕለት ቬርናና እኔ ከተማ ወርደን ዴል ፔንበርቲ ሱቅ ሄድን። ዴል አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ትራክተርና የጀልባ ሞተር የሚሸጥ ሰው ነው። ቬርና ግን የምታውቀው የመንገድ ጥምዝ ላይ አውቶቡስ ውስጥ የሚያስመልሰው ልጅ ሆኖ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስድስት ዓመት ሙሉ ከወንበሯ ጀርባ ነበር የምታስቀምጠው። እስከ ዛሬም ሲያያት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ቬርና ግቢው ውስጥ የተደረደሩት ላይ አንድ ባንድ መቀመጥ ጀመረች። አሥራ አንድ ነበሩ። እያንዳንዱ ላይ ትወጣለች፣ መሪውን ትይዛለች፣ ወደ ኋላ ትዞራለች፣ ኮፈኑን አሻግራ ታያለች፣ ትወርዳለች። በሦስተኛው ላይ ፈገግ አለች። በስድስተኛው ላይ በአፏ የሞተር ድምፅ ስታሰማ ሰማኋት። እኔ በዚያን ጊዜ እሷን ዐርባ ዓመት ባውቃት ነው፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ዴል ሐቀኛ ነጋዴ ነው። ቀላል ቀላሎቹን ስታይ ራሱ ከለከላት። እነዚህ ለሣር ጥሩ ናቸው፣ ክረምት ላይ ግን ከባድ ነገር ከፊታቸው ሲገጠም ወገባቸው አይችልም፣ የኋላ ጎማቸውም በረዶ ላይ ይሽከረከራል አላት። በረዶ የሚጠርግ ትራክተር አካሉ ወፍራም፣ ክብደቱ ከኋላ፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት የሚያስር መሆን አለበት። እንደዚያ ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ግራጫ ነው፤ ማርሽና ፍሪሲዮን አለው። ሌላው ቀይ ነው፤ ማርሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ፔዳሉን በእግር ጣት ሲረግጡት ወደ ፊት፣ በተረከዝ ሲረግጡት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ቬርና ግራጫውን ወዲያው ወደደችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን ስትረግጥ ኖራ እንዴት አትወደው። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረችና ረክታ ወረደች። ቀዩን የሞከረችው ዴልን ላለማስቀየም ነው። መጀመሪያ ላይ ግራ እግሯ ፍሪሲዮን ፍለጋ አየሩን ይረግጥ ነበር። ከዚያ ወደ ፊት ሄደች። ከዚያ ወደ ኋላ። ከዚያ እንደገና ወደ ፊት፣ ምንም ሳትቀይር፣ ምንም ሳይንገጫገጭ። ዥዋዥዌ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትል ቆየችና ድንገት መሪውን አዙራ በግቢው በር ወጣች።

ዴል ወዴት እንደሄደች ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ተከትለን ወጥተን ስናይ ከጎን ያለውን የቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ስምንት ቁጥር እየሠራችበት ነው። ቄሱ ደረጃው ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙላታል፤ እሷም በአንድ እጇ መሪውን ይዛ በሌላው ትመልስላቸዋለች። ስትመለስ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ፀጉሯ ከማስያዣው ወጥቶ ነበር። ሞተሩን አጠፋችና መሪውን ሳትለቅ ዴልን ጠየቀችው።

"ሣሩ ገባኝ። በረዶውስ?"

"በረዶውን ክረምት ላይ ነው የሚያዩት፣ ወይዘሮ ሳርኪላ።"

"ሳልሞክር ልግዛ?"

"ነሐሴ ነው" አላት ዴል፣ ሰማዩን እያሳያት። "በረዶ ከየት ላምጣልዎት?"

ቬርና ትንሽ አሰበች። አሳቧ ሲመጣ አየሁት፤ ዓይኗ ውስጥ ነው የመጣው።

"ከግሌን" አለችው።

ግሌን ቶርማላ የከተማው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ጠባቂ ነው። ለሆኪ ሥልጠና ሲባል ወለሉ ከሐምሌ ጀምሮ በረዶ ይደረጋል፤ ግሌን ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ በማሽኑ ላዩን እየፋቀ ያስተካክለዋል። የተፋቀውን በረዶ ሕንፃው ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ ይደፋዋል። ነሐሴ ሲደርስ ክምሩ ጋራዥ ያህላል፤ ላዩ ትንሽ ቆሽሿል፣ ውስጡ ግን የጥር በረዶ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሙቀት ቀን ቢራችንን የምናቀዘቅዘው እዚያ ቀብረን ነው። ትራክተር ይዞበት የሄደ ግን አልነበረም።

ግሌን በስልክ ሲጠየቅ ከትከት ብሎ ሳቀና ክምሩን እንዳለ ብትወስዱልኝም ደስታዬ ነው አለ። ዴል ላብ እየጠረገ፣ መትፊያውንና መግፊያውን ከመጋዘን በነሐሴ አውጥቶ እንደማያውቅ ነገራት። እሷ ደግሞ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ የትኛው ጥምዝ ላይ እንደሚያስመልሰው አስታወሰችው። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተባለ። ግራጫው ላይ መትፊያ ይገጠማል፣ ቀዩ ላይ መግፊያ።

ወሬው እንዴት እንደተሰማ እንጃ፤ እኔ ለሰባት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ቅዳሜ ከሆኪ አዳራሹ ጀርባ ስንደርስ ሜዳው ሞልቷል። ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ መጥቷል። ሙቀቱ የሚያላብስ ስለነበር ወንዱም ሴቱም አጭር ሱሪ ለብሷል፤ ግማሹ ግን ለቀልድ የክረምት የሱፍ ኮፍያውን ደፍቷል። እኔ ሁለት ሳህን ፓስቲ ጋግሬ ነበር፤ ሥጋውና ድንቹ ሊጡ ውስጥ ገና ይፋጃል። ሩዲ ከነክራንቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ክምሩን ያያል። ከሐምሌ ጀምሮ እንደዚያው ነው። ሌላ ሰው ትራክተር ሲመርጥለት ማየት ከዳሌው በላይ ሳያመው አልቀረም።

ሬይኖ ቀዩን ራሴ ካልነዳሁት ብሎ ተቀመጠበት። አልዋሽም፣ አምሮበት ነበር። ከክምሩ ጫፍ ቀንሶ እየገፋ አንድ ረድፍ ጠረገ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሁለተኛውን ጠረገ። ሦስተኛው ላይ የገፋው በረዶ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ሆነበት። ወደ ኋላ መጥቶ ተንደረደረና ግድግዳውን መታው፤ ግድግዳው ግን እንዲያውም ጠበቀ። እንደገና ሲንደረደር የኋላ ጎማዎቹ ቦታቸው ላይ ይሽከረከሩ ጀመር፤ ቀስ ብለው ወደ ታች ጉድጓድ ቆፈሩና ቀዩ ትራክተር ሆዱ ላይ ተኛ።

"ይሄ በረዶ አይደለም" አለ ሬይኖ ከላይ ሆኖ። "የፋብሪካ በረዶ ነው። ባሕርዩ ሌላ ነው።"

ቬርና ግራጫው ላይ ወጥታ ሞተሩን አስነሳች፣ መትፊያውን አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። መትፊያው ክምሩን ነከሰ። ትንሽ አጉረመረመና ነጩን ነገር በአንገቱ በኩል ወደ ሰማይ ረጨው። ፀሐዩ ውስጥ ሲገባ ቀስተ ደመና ሠራ፤ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ኧረ እያለ ሲያደንቅ ቆየና መውረድ ሲጀምር የሚወርደው በማን ላይ እንደሆነ ተረዳ።

በነሐሴ ባዶ ጭን ላይ በረዶ ሲወርድ ሰው የሚያወጣው ድምፅ በፊደል የሚጻፍ አይደለም። ወንበሮች ተገለበጡ። የመጻሕፍት ቤቱ ሠራተኛ ፓስቲዋን በኮፍያዋ ሸፍና ሮጠች። ግሌን እጁን ዘርግቶ መሐሉ ላይ ቆመና ወደ ሰማይ አፉን ከፈተ። ቬርና ይህን እያየች የመትፊያውን አንገት ወደ ሌላ አቅጣጫ ልታዞር ትጣደፍ ነበር፤ ግን በግራጫው ላይ አንገቱ የሚዞረው በቀኝ እጅ በሚጠመዘዝ እጀታ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ ለማዞር ሃያ ሁለት ጊዜ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። የቬርና ቀኝ ትከሻ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ያለቀ ትከሻ ነው። አሥር ላይ ስትደርስ ደከማት። በዚህ መሐል ግማሹ ሰው በረዶ ለብሶ፣ ግማሹ እየተንከተከተ መሬት ተቀምጧል። ቀጥሎ መትፊያው አንድ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጓል አገኘ፤ ጧ አለና ቆመ።

ተሰበረ ብለን ደነገጥን። ዴል እየሮጠ መጥቶ ጎንበስ አለና ደህና ነው አላት። መትፊያው ውስጥ አንዲት ቀጭን ፒን አለች፤ ጠንካራ ነገር ሲያጋጥም ማሽኑ እንዳይሰበር እሷ ቀድማ ትሰበራለች። የተሠራችው ለመሰበር ነው። ቬርና ይህን ስትሰማ ፒኗን ተቀብላ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት፣ አዲሷን ደግሞ ራሴ ልክተት አለች። በረዶው ላይ ተንበርክካ፣ ዴል ቁልፍ እያቀበላት፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገጥማ ተነሳች። ጉልበቷ ረጥቧል፣ ፊቷ ያበራል።

"ማሽኑ ልክ ነው፤ የተገጠመበት ነው ልክ ያልሆነው" አለች። "ዴል፣ ይህን መትፊያ አውጣና ቀዩ ላይ ግጠምልኝ።"

ዴል ቀዩን አየ፤ ሆዱ ላይ እንደተኛ ነው። ሬይኖን አየ፤ አሁንም ላዩ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሰዓቱን ሊያይ ብሎ ተወው፤ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ።

ቀዩን በገመድ ጎትቶ ለማውጣት ስምንት ሰው፣ መግፊያውን አውልቆ መትፊያውን ለመግጠም ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ማንም ጥሎ አልሄደም። ፓስቲው አለቀ፤ ሌላ ሰው ጭስ ላይ ያደረቀውን ዓሣ ከቤቱ ይዞ መጣ። በረዶ የወረደባቸው ሰዎች ያልወረደባቸውን በእጃቸው ይዘው ያሳድዱ ጀመር። ዴል ብሎን ሲፈልግ ሩዲ ሁለት ጊዜ አየውና በሦስተኛው ክራንቹን ዘርግቶ ከመትፊያው ሥር እየጠቆመ አሳየው። ቀጥሎ ወንበሩን አስጠጉልኝ አለ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ዴል ብሎኑን ያጠብቃል፣ ሩዲ ደግሞ የትኛውን እንደሚያጠብቅ ይነግረዋል።

ቬርና ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳች። ቀዩ ላይ የመትፊያው አንገት የሚዞረው በግራ በኩል ባለች የትራክተሩ የራሱ አጭር ዘንግ ነው፤ ሁለት ጣት ይበቃታል። በእግር ጣቷ ወደ ፊት፣ በተረከዟ ወደ ኋላ እያለች፣ ክምሩን እየነከሰች ትመለሳለች፤ በረዶውን ወደ ሜዳው ባዶ በኩል፣ በፈለገችው ቦታ ታሳርፋለች። ሬይኖ የመንገድ ሥራ ዘመኑ ትዝ ብሎት ፊት ለፊቷ ቆሞ በእጁ ወዲህ ወዲያ ይላት ጀመር። ትንሽ ታገሠችው። ከዚያ ዘንጓን በሁለት ጣቷ ነካ ስታደርግ አንገቱ ዞረና ከኮፍያው እስከ ሰንደል ጫማው ነጭ አደረገችው።

ሩዲ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር፤ ቀጥሎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በመጨረሻ ዳሌውን በሁለት እጁ ይዞ እንባው እየወረደ ሳቀ። ሐኪሙ የከለከለው መንቀጥቀጥ ይህንንም ይጨምር እንደሆነ ጠየቅኩት።

ሬይኖ በረዶውን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ። ሁላችንም ምን ሊል ይሆን ብለን ጠበቅነው። ዞሮ ከትራክተሩ አንስቶ የተወረወረው በረዶ እስካረፈበት ድረስ በእርምጃ ለካ።

"አሥራ ዘጠኝ" አለ ሲመለስ። ኮፍያውን አራግፎ እንደገና ደፋና "የፋብሪካ በረዶ ሆኖ ነው እንጂ ከዚህም በላይ ይሄድ ነበር" አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ መግፊያ ሲያወራ የሰማው የለም።

ቬርና ቀዩን ወሰደች፤ ለበጋ ማጨጃው፣ ለክረምት መትፊያው፣ ከኋላ ክብደቱና የጎማ ሰንሰለቱ ጭምር። ዴል ጭኖ አምጥቶ ጋራዡ ውስጥ አስገባላቸው። ማታውን በረንዳው ላይ ተቀምጠን የጋራዡ በር እንደተከፈተ፣ ሦስታችንም ቀዩን እናይ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ሩዲ ነው።

"እኔስ?" አላት። "እኔ ምን ልሠራ ነው?"

"ፀደይ ላይ ሐኪሙ ሲፈቅድልህ ሣሩን ታጭዳለህ።"

"በረዶውስ?"

"በረዶው የኔ ነው።"

"ቬርና፣ ሣር ማንም ያጭዳል።"

"እኮ" አለችው። "ማንም የሚያጭድ ከሆነ አንተም አያቅትህም።"

ሁለት በረዶ ስጪኝ አላት፤ ከወሩ ሁለት ቀን። አይሆንም አለችው። አንድስ አላት። እሱንም ከፋሲካ በኋላ ከጣለ ብቻ እሰጥሃለሁ አለች። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ስሰማ የመሬት ድርድር ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ የሚጥለው ሁሉ የሱ እንዲሆን ተስማሙ፤ ሩዲም ወዲያው ገብቶ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የቀን መቁጠሪያው ላይ አየ።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ በኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ዕለት ጣለ። ሲነጋ ከጉልበት በላይ ነበር። ቡና ሳፈላ ሞተር ሰማሁና መስኮቴ ጋ ሄድኩ። ቬርና የድሮውን የአውቶቡስ ካፖርቷን ለብሳ፣ የጆሮ መሸፈኛ ኮፍያ አጥልቃ፣ መቶ አርባውን እርምጃ ስትጀምር ነው። በርቹ ዛፍ ጋ ታጠፈች። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዋናው መንገድ ላይ ደረሰች። እዚያ ቆም ብላ ግራ ቀኝ አየች፤ አውቶቡስ ለማስገባት እንደምታየው። ከዚያ ተሻግራ የኔን መግቢያ ጀመረች።

ወጥቼ ቡና ልስጥሽ ብላት አልሰማችኝም። የኔን ስትጨርስ ወደ ሬይኖ ቤት ሄደች። ሬይኖ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲመለከት ቆይቶ ቴርሞሱን ይዞ ወጣና ከፊቷ እየሄደ፣ ራቅ ብሎ መትፊያው በማይተፋበት በኩል፣ በረዶ የሸፈነውን ድንጋይ ያመለክታት ጀመር። ከዚያ ለመጻሕፍት ቤቷ ሠራተኛ ጠረገችላት፣ ከዚያ ለቄሱ፣ ከዚያ ስማቸውን ለማታውቀው አዲስ ገቢዎች። ሰዉ በየበሩ እየወጣ እጁን ያወዛውዛል። አንዳንዱ እንዲያውም በልጅነቱ ያመላለሰችው ነው፤ ይኸው አሁን ደግሞ መንገድ ትከፍትለታለች።

እኩለ ቀን አልፎ ነዳጅ ጨረሰች። ቀዩን መንገድ ዳር አቁማ፣ ቁልፉን በካፖርቷ ኪስ ይዛ በእግሯ መጣች። እኔም ምን እንደምትል ለመስማት ተከትያት ገባሁ። ሩዲ ከጠዋት ጀምሮ ፓንኬክ ጋግሮ ነበር፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው መሆኑን ቅርጹ ይናገራል። ቀዝቅዟል። ቬርና ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ከቅንድቧ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ ስድስት ፓንኬክ በእጇ በላች።

"ስንት ቤት?" አላት ሩዲ።

"ዘጠኝ። አሥረኛው ላይ ነዳጁ አለቀ።"

"ደከመሽ?"

አሰበችበት። ትከሻዋን ዞር ዞር አድርጋ ሞከረችው።

"ምንም" አለች። "ሬዲዮው ምን አለ? ነገስ ይጥላል?"

ሩዲ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጥል ነገራት። ቬርና ሰባተኛውን ፓንኬክ አነሳችና ነዳጅ ልቀዳ ብላ ወጣች።